ውሻና ቤት ሲጣጣሙ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ዓይነ ስውር ሰው መሪ ውሻ ከመረከቡ በፊት መጀመሪያ የሚራመደው ከሰው ጋር ነው። አሰልጣኙ በውሻው ትከሻ ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያ በእጁ ይዞ፣ ራሱ ውሻውን ሆኖ ከፊት ይመራል፤ አመልካቹ እጀታውን ጨብጦ «ወደፊት»፣ «ወደ ግራ» እያለ ይከተላል። ልማዱ «የጁኖ ጉዞ» ይባላል፤ ጁኖ የምትባለው ውሻ በምናብ ብቻ ያለች ናት። አሰልጣኙ በዚህ ጉዞ የሰውዬውን ፍጥነት፣ የሚመቸውን የጉተታ ኃይል፣ የሰውነቱን ሚዛን፣ ትእዛዝ የሚሰጥበትን ድምፅና ለስህተት ያለውን ትዕግሥት ይመዝናል። ሰውዬው የት እንደሚኖር፣ በአውቶቡስ ይሄድ እንደሆነ ወይም በእግሩ፣ ቢሮ ይውል እንደሆነ ወይም ቤቱ፣ ይህም ሁሉ ይጠየቃል። ለፈጣን ተራማጅ ቀርፋፋ ውሻ ቢሰጥ ሁለቱም ቶሎ ይሰላቻሉ። እግራቸው ለደከመ አዛውንት ጎታች ውሻ ቢሰጥ ደግሞ ጣጣው ከመሰላቸት ያልፋል።

የመሪ ውሻ ትምህርት ቤቶች ይህን ዕውቀት ያካበቱት በረጅም ጊዜ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመኗ ኦልደንቡርግ ከተማ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተከፈተ፤ የአሜሪካው «ዘ ሲኢንግ አይ» በ1929 ተከተለ። ተራ ቤተሰብ ግን ውሻ የሚመርጠው በሌላ መንገድ ነው። ፎቶግራፉን ያያል፣ ዓይኑ ያምራል ይላል፣ ስሙን ያወጣለታል፤ ስለ ፍጥነትና ስለ ጉተታ የሚያስበው ውሻው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ያኔ የሶፋው ስፖንጅ ወለሉ ላይ ተበትኖ፣ በሩ ተቦርቡሮ ይገኛል።

ውሻን ከሰው ማጣጣም ማለት በአጭሩ ሁለት ተራ ቀኖችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። የቤቱ ተራ ቀን እንዴት ይውላል? ይህ ውሻስ ቀኑን እንዴት ቢያሳልፍ ይሻለዋል? ችግሩ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚናገረው ስለሚመኘው ቀን መሆኑ ነው። «በየጠዋቱ አብረን እንሮጣለን» ይላል፤ ባለፉት ዓመታት ግን አንድም ጠዋት ሲሮጥ አልታየም። ውሻ ስለገባ ብቻ ሯጭ የሚሆን ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሻንና ቤተሰብን የሚያገናኝ ልምድ ያለው ሰው «ምን ዓይነት ውሻ ትፈልጋላችሁ?» ከማለቱ በፊት ስላለፈው ሳምንት ይጠይቃል። ማክሰኞ ዕለት ከቤት መጨረሻ የወጣው ማን ነው? ቀድሞ የተመለሰውስ? በመካከል ቤቱ ስንት ሰዓት ባዶ ሆነ? ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ተነሥቶ ውሻውን የሚያወጣው ማን ነው? እንግዳ በወር አንዴ ነው የሚመጣው ወይስ በየቀኑ? ቤቱ የኪራይ ከሆነስ አከራዩ ያውቃሉ?

ከነዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ በተለይ ይዘለላል፦ ውሻ የማይፈልግ ሰው በቤቱ ውስጥ አለ? ብዙ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ በጉጉት ይቃጠላል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ ስምምነት መቁጠር የተለመደ ነው። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ዝም ያለው ሰው ከሆነ ግን ውሻውን የሚይዘው፣ የሚያበላው፣ ሽንቱን የሚጠርገው እሱ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውሻ ከመውሰዱ በፊት ቁጭ ብሎ ቢነጋገር፣ ስለ ዝርያ ሲያነብ ከሚያጠፋው ጊዜ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ስለ ጉልበት ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። ትልቅ ውሻ ትልቅ ግቢ፣ ትንሽ ውሻ ጠባብ ቤት ይበቃዋል የሚለው ሐሳብ ለዓይን የቀና ቢመስልም በተግባር ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ግሬይሀውንድ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ የሚችል ውሻ ነው፤ ሩጫው ግን አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ቀን ተጋድሞ ማሳለፍ ይወዳል። ከውድድር ጡረታ የወጡ ግሬይሀውንዶች በአፓርታማ ውስጥ በሰላም የሚኖሩት ለዚህ ነው። በአንጻሩ አይጥና ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያወጣ የተራባ ትንሽ ቴሪየር በክንድ የሚታቀፍ ሆኖ ሳለ ቤቱን ሙሉ ሲያምስ ሊውል ይችላል። ሰፊ ግቢም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ብቻውን የተተወ ውሻ ግቢውን እየዞረ ስፖርት አይሠራም፤ በሩ አጠገብ ተኝቶ የሚመጣውን ሰው ይጠብቃል፣ ወይም አላፊ አግዳሚው ላይ ይጮኻል። ውሻ የሚፈልገው ቦታውን ከአብሮ መሆን ጋር ነው። አዋቂ ውሻ ከቀኑ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ተኝቶ ስለሚያሳልፍ፣ ቀኑን ሙሉ አጫውቱኝ አይልም። ዋናው ነገር የሚነቃበትና የሚያርፍበት ሰዓት ከቤቱ ሰዎች ጋር መግጠሙ ነው።

ወደ ዝርያ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ የውሻ ባለቤቶች ስለ ውሾቻቸው የሰጡትን መልስ ሰበሰበ፤ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ውሾች ዘረ መልም መረመረ። ውጤቱ ዝርያ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት 9 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያብራራ አሳየ። ቀሪው ከውሻው ከራሱ፣ ካደገበት ሁኔታ፣ ከዕድሜውና ከመሳሰለው የሚመጣ ነው። በአንድ እናት ማኅፀን ያደሩ ሁለት ቡችሎች አንዱ ሰው ሲያይ የሚፈነጥዝ፣ ሌላው ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ዝርያ ምንም አይደለም» ማለት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። አንዳንድ ዝንባሌ፣ ለምሳሌ የሰውን ትእዛዝ በቀላሉ መቀበል፣ ከሌሎቹ ይልቅ በዘር ይወርዳል። የበግ መንጋ ለመንዳት ከተዳቀሉት ከነቦርደር ኮሊ መካከል የሚሮጡ ልጆችን ከኋላ እየተከተሉ ተረከዛቸውን ነከስ ማድረግ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ልጆቹ መንጋ ናቸው። በአካል ረገድ ደግሞ ዝርያ በግልጽ ይናገራል። እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉ ፊታቸው የተጨፈለቀ ውሾች አየር ስለሚያጥራቸው ሙቀት አይችሉም፤ ረጅም ጉዞ ለሚወድ ሰው አይሆኑም። እጅግ ግዙፍ የሆኑት ብዙዎቹ ከ7 እስከ 10 ዓመት ሲኖሩ፣ ትንንሾቹ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ዛሬ የስድስት ዓመት ልጅ ያለው ቤት ትንሽ ውሻ ሲወስድ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያረጀ ውሻ የሚንከባከበው ማን እንደሆነ አብሮ ማሰብ አለበት። የጸጉሩ ርዝመት፣ የሚረግፈው ብዛት፣ የምራቁ መዝረክረክ፣ የሐኪም ወጪው፣ ሁሉም ከመልኩ ጋር ተያይዘው የሚመጡ ናቸው።

ባለቤት አጥተው አዲስ ቤት እስኪገኝላቸው መጠለያ በገቡ ውሾች ላይ ግን የዝርያ ስም ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ድቅል ውሻ አይቶ ወላጆቹን መናገር ባለሙያንም ያሳስታል፤ በዓይን የተሰጡ ስያሜዎች ከዘረ መል ምርመራ ጋር ሲነጻጸሩ ደጋግመው ስተው ተገኝተዋል። ይህ ግምት ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት መልካቸው የሚመሳሰሉ የመጠለያ ውሾችን ሲያነጻጽር፣ «ፒትቡል» የሚል ስም (ጠበኛ ነው ተብሎ የሚፈራ የውሻ ዓይነት ነው) የተለጠፈባቸው ባለቤት ለማግኘት ከሦስት እጥፍ በላይ ጊዜ እንደፈጀባቸው አገኘ። መልካቸው አንድ፣ የተጻፈው ስም ሌላ። ተቃራኒውም አለ፦ አንድ ዝርያ በታዋቂ ፊልም ላይ ሲታይ ተፈላጊነቱ ይንራል፤ ይህ ውጤት እስከ አሥር ዓመት ሊዘልቅ እንደሚችል ተጠንቷል። ፊልሙ ላይ የሚታየው ውሻ ከካሜራው ጀርባ ደመወዝተኛ አሰልጣኝ እንዳለው የሚያስታውስ የለም።

ቡችላ ይሻላል ወይስ አዋቂ? አብዛኛው ሰው ሳያስብ ቡችላ ይላል፤ «ከልጅነቱ ካሳደግኩት ይወደኛል፣ እንደምፈልገው አደርገዋለሁ» በሚል። የመጀመሪያው ግማሽ መሠረት የለውም። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሥራ፣ በመጠለያ የሚኖሩ አዋቂ ውሾች እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ብቻ ከሚቆዩ ሦስት ግንኙነቶች በኋላ ለዚያ ሰው የመጣበቅ ምልክት ማሳየት ጀመሩ። ውሻ ለመውደድ ዓመታት አይፈልግም። ሁለተኛው ግማሽ ከፊል እውነት አለው። ውሻ ዓለምን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ነው፤ ይህን በአሜሪካ ጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በረጅም ዓመታት ሥራ አሳይተዋል። በዚያ ጊዜ ሰው፣ ሕፃን፣ መኪና፣ የዕቃ ኮሽታ በለሆሳስ የተዋወቀ ቡችላ ኋላ አይበረግግም። ብዙ ቡችሎች ግን ወደ አዲስ ቤት የሚሄዱት በስምንት ሳምንታቸው ገደማ ስለሆነ፣ ከዚህ ወርቃማ ጊዜ ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው በሻጩ ወይም በአራቢው እጅ ነው። ስለዚህ ቡችላ የሚመርጥ ሰው ቡችላውን ከማየቱ በፊት እናቱንና ያደገበትን ቤት ማየት አለበት። ጨለማ መጋዘን ውስጥ የተወለደ ቡችላ የቱንም ያህል ቢያምር ከእዳው ጋር ነው የሚመጣው።

ከዚያ ጉርምስና አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት የወደፊት መሪ ውሾችን በአምስተኛውና በስምንተኛው ወራቸው ፈተነ። በስምንት ወር «ተቀመጥ» የሚለውን ትእዛዝ አሳዳጊያቸው ሲሰጥ ከበፊቱ ይልቅ እምቢ ይሉ ጀመር፤ ያው ትእዛዝ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ግን ይታዘዙ ነበር! የጎረምሳ ልጅ ወላጅ ይህን ሲሰማ የሚስቀው በከንቱ አይደለም። ብዙ ውሾች ወደ መጠለያ የሚሰጡት በዚህ ዕድሜ ነው፤ ባለቤቱ «ተበላሸ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ነገሩ ሊያልፍ ሲቃረብ ነው። ጊዜውና ትዕግሥቱ ለሌለው ቤት፣ በተለይ ለሠራተኛ ጥንዶችና ለአዛውንቶች፣ ሦስት ዓመት ያለፈው የተረጋጋ ውሻ ከቡችላ ይሻላል። ይህ የእኔ አድልዎ ነው፤ ነገር ግን የአዋቂ ውሻ ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የሰውነቱ መጠን አልቋል፣ ጠባዩም በአብዛኛው ወጥቷል።

በአብዛኛው ያልኩት መጠለያ ውስጥ የሚታየው ጠባይ የሚያሳስት ስለሆነ ነው። ለረጅም ጊዜ መጠለያዎች ውሾችን በፈተና ሲለዩ ኖረዋል። በጣም የታወቀው በእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ የፕላስቲክ እጅ ነው፤ ውሻው ሲበላ እጁን ወደ ሳህኑ ያስጠጉና ቢያጉረመርም ወይም ቢነክስ «አደገኛ» ብለው ይጽፉበታል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ስንት ውሾች እንደተገደሉ ማሰብ ይከብዳል። በኋላ እንዲህ የተባሉ ውሾች በጥንቃቄ ወደ ቤት ተሰጥተው ሲታዩ፣ አብዛኛዎቹ በቤታቸው ምግብ ላይ እንዲህ ያለ ጠባይ አላሳዩም። ነገሩ አይደንቅም። ቀንና ሌሊት ጩኸት በሚያስተጋባበት፣ እንቅልፍ በማይገኝበት ቦታ፣ ባልታወቀ ሰው ፊት፣ ሰው ያልሆነ እጅ ሳህኑ ላይ ሲመጣ ማን ይረጋጋል? አንድ ሁለት ሌሊት ከመጠለያው ወጥተው በሰው ቤት ያደሩ ውሾች የጭንቀት ሆርሞናቸው እንደሚቀንስ ተለክቷል። ስለዚህ ከፈተናው ይልቅ ጊዜያዊ አሳዳጊ ወይም የቀድሞ ባለቤት የሚሰጠው ምስክርነት ይበልጥ ይታመናል።

ምስክርነቱም አጠያየቅ ይፈልጋል። «ጥሩ ውሻ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «በጣም ጥሩ ነው» ይላል፤ ምንም አልነገረንም። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በጄምስ ሰርፐል የተመራው ቡድን ያዘጋጀው፣ መቶ ያህል ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ስለ ውሻው ማንነት መጠየቁን ትቶ በዚህና በዚያ ሁኔታ ምን እንዳደረገ ይጠይቃል። የማያውቀው ሰው ወደ ቤት ሲገባ? ብስክሌት ሲያልፍ? ጥፍሩ ሲቆረጥ? ቤት ብቻውን ሲቀር? ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰውም ያዞረ የማጣጣሚያ ዘዴ አለ። የአሜሪካው የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ያዘጋጀው ዘዴ አመልካቹን በመጠይቅ፣ ውሻውን በምዘና አይቶ ለሁለቱም ከሦስት ቀለማት አንዱን ይሰጣቸዋል፤ ከቀለማቱ ሥር ዘጠኝ የጠባይ ዓይነቶች ተዘርዝረዋል፤ ከነዚህ አንዱ ሶፋ ላይ ተኝቶ መዋል ለሚወደው የተሰጠ ነው። ቀለሙ ውሳኔ አይሰጥም፤ ወሬ ያስጀምራል። ደግሞም ሰው «እኔ አረንጓዴ ነኝ» ሲል ስለ ራሱ እያሰበ ነው፤ ዓላማውም ይኸው ነው።

አሁን ፊት ለፊት ስለ መገናኘት። በመጠለያ ውስጥ ሰውና ውሻ ሲተያዩ ተመልክተው የጻፉ ተመራማሪዎች፣ አመልካቾች ከመወሰናቸው በፊት ከውሻው ጋር በአማካይ የሚያሳልፉት 8 ደቂቃ ያህል መሆኑን አግኝተዋል። ውሳኔውን የሚያዘነብሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ ውሻው ሰውዬው አጠገብ መተኛቱና ሰውዬው ሲያጫውተው አለመናቁ። ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ ኑሮ በስምንት ደቂቃ! ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሄድ፣ ሁለተኛውን ጊዜ የቤቱን ሰው ሁሉ ይዞ መሄድ፣ ከተቻለም ውሻውን ከቅጥሩ አውጥቶ ማራመድ ይገባል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ከላይ ማጎንበስ ትቶ ጎን ሰጥቶ ቁጭ ማለትና ውሻው በራሱ ፈቃድ ይመጣ እንደሆነ መጠበቅ ጥሩ ነው። ከዚያ የቁልፍ ዘለላ ትንሽ ራቅ አድርጎ መሬት ላይ መጣል። መደንገጡ ምንም አይደለም፤ ጤነኛ ውሻ ይደነግጣል። መታየት ያለበት ከድንጋጤው በኋላ ያለው ነው፦ ጥቂት ቆይቶ ቁልፉን ሄዶ ያሸታል ወይስ ለረጅም ጊዜ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል? ቶሎ የሚመለሰው ጫጫታ ለበዛበት ቤት ይሆናል። ቶሎ የማይመለሰውም ቤት ይገኝለታል፤ ፀጥ ያለ፣ እንግዳ የማይበዛበት፣ ታጋሽ ሰው ያለበት ቤት። በአዘኔታ ብቻ ሦስት ልጆች ወዳሉበት ቤት መውሰዱ ግን ለውሻውም ለልጆቹም በደል ነው።

ልጆች ካሉ ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትንንሽ ልጆችን የሚነክሰው ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት፣ የቤታቸው ወይም የዘመድ ውሻ ነው፤ ሲበላ ወይም ተኝቶ ሳለ የቀረቡት፣ ያቀፉት፣ ላዩ ላይ የወጡበት። ውሻው ከመንከሱ በፊት ተናግሮ ነበር፦ ከንፈሩን ልሷል፣ ሳይደክመው አዛግቷል፣ ፊቱን አዙሯል፣ የዓይኑን ነጭ አሳይቷል፣ ደርቆ ቆሟል። መጨረሻ ላይ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ይተዋል፤ ንክሻውን ግን አይተውም። ስለዚህ ለልጆች የሚሆን ውሻ የሚባለው ሁሉን የሚችል ውሻ አይደለም፤ ሲሰለቸው ተነሥቶ ሌላ ክፍል የሚሄድ ውሻ ነው። የሚሄድበት ክፍልና ልጁን የሚያስቆም አዋቂም ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት።

ድመት ወይም ሌላ ውሻ ያለበት ቤት እንስሶቹን ገለልተኛ ቦታ ላይ ቀስ እያደረገ ያስተዋውቅ፤ የሚሮጥን ነገር ሲያይ ዓይኑን የማይነቅል ውሻ ከድመት ጋር ለብቻቸው አይተው።

መጠለያዎች ደግሞ የራሳቸው ጉድለት አላቸው። አጥር የሌለው አይወስድም፣ ተከራይ አይወስድም፣ ሙሉ ቀን የሚሠራ አይወስድም፣ ከዚህ ዕድሜ በላይ የሆነ አይወስድም የሚሉ ሕጎች ሰውን በቅጽ ይመልሳሉ። እንዲህ ያለው ቅጽ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ እውነት የተናገረውን ሰው ነው። ከዚህ ይልቅ ተቀምጦ መነጋገር፣ ለተከራዩ የማይጮኸውን፣ ለአዛውንቷ የሰከነውን መፈለግና እሳቸው ቢታመሙ ውሻውን ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ መጻፍ ይበልጥ ያስኬዳል። ውሻን በስጦታ መስጠት ሁሌ በመጣል ያልቃል የሚለውም የቆየ እምነት ሲፈተሽ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በስጦታ የተገኙ እንስሳት ይበልጥ እንደሚጣሉ አላሳየም። ተቀባዩ ሳያውቅ እንዳይሆን መጠንቀቅ ግን አይከፋም።

ውሻው ቤት ከገባ በኋላ «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚባል የልምድ መለኪያ አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደነግጣል፣ በሳምንታት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በወራት ቤቱ የእሱ መሆኑን ይቀበላል። ሳይንስ አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን «አይሆነንም» የሚለውን ሰው ግን ያስታግሣል።

አንዳንዴ ሁሉም ተደርጎ አይገጥምም፤ ውሻውም ይመለሳል። የሚመልሰው ሰው ስለሚያፍር በወረቀቱ ላይ «ጠበኛ ነው» ወይም «አለርጂ አለብን» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ለቀጣዩ ቤት የሚጠቅመው ግን እንዲህ ያለው ማስታወሻ ነው፦ «ብቻውን ሲቀር አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይጮኻል። ሰው ካለ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ይውላል። ከትልልቅ ልጆች ጋር ይጫወታል፤ የሚድኸውን ሕፃን ይሸሻል። በገመድ ሲሄድ አይጎትትም። ነጎድጓድ ሲሆን መታጠቢያ ክፍል ይገባል፤ እዚያው ይተውት።» ይህን ያነበበ አገናኝ ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራውን፣ ልጆቿ ያደጉላትን አመልካች ስልክ ይፈልጋል።